ከሰማያዊው ጉልላት ሥር ማን ይቀድሳል?

እህቴ የተመረቀች ቀን ፎቶ ስቱዲዮ ገባን። አንሺው ከጀርባዋ አንድ ትልቅ ሸራ አወረደ፦ ነጫጭ ቤቶች፣ ሰማያዊ ጉልላቶች፣ ከታች ባሕር። ጋወኗን እንደለበሰች ግሪክ ገባች ማለት ነው። ፎቶው አሁን ሳሎናችን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቅሏል። እናቴ መነጽሯን አድርጋ መጀመሪያ ስታየው የጠየቀችው ስለ እህቴ አልነበረም። «ይሄ ቤተ ክርስቲያን ነው አይደል? መስቀል አለው እኮ። ማነው የሚቀድስበት?»

አፈርኩ። ይህን ምስል በስልኬ፣ በካፌ ግድግዳ፣ በሠርግ መጥሪያ ላይ ስንቴ አይቼዋለሁ። መስቀሉን ግን አይቼው አላውቅም ነበር።

ቦታው ኢያ ይባላል፤ በሳንቶሪኒ ደሴት ሰሜናዊ ጫፍ፣ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠ ከተማ ነው። እኔ ሄጄ አላውቅም (የቪዛውን ነገር ተዉት)። ስለዚህ እዚህ የምተቸው ደሴቱን ሳይሆን ምስሉን ነው። ምስሉ ደግሞ እንደማንኛውም ድርሰት ሊተች ይገባዋል፤ ደራሲው ብዙ ሺህ ሰው ቢሆንም ሁሉም አንድ ቦታ ቆሞ፣ አንድ አቅጣጫ እያየ ነው የሚደርሰው።

በመጀመሪያ፣ ምስሉ ቆንጆ ነው። ይህን መካድ ግብዝነት ይሆናል። ሁለት ቀለም፣ አንድ ጠርዝ፣ ከዚያ ባዶ። ችግሩ ውበቱ ላይ አይደለም፤ ቦታው ሁልጊዜ እንዲህ የነበረ ማስመሰሉ ላይ ነው እንጂ። ገደሉ የተፈጠረው ከ3,600 ዓመት በፊት ገደማ እሳተ ገሞራው ፈንድቶ የደሴቱ መሃል ሲሰምጥ ነው። ከገደሉ ላይ የሚታዩት ብዙዎቹ ቤቶች ከእሳተ ገሞራው አመድ ውስጥ የተፈለፈሉ ዋሻዎች ናቸው፤ ድሃ መርከበኞች ይኖሩባቸው ነበር። ሀብታሞቹ ካፒቴኖች ከላይ፣ በድንጋይ ቤት። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1956 የመሬት መንቀጥቀጥ መጣ፤ ከ50 በላይ ሰው ሞተ፣ ኢያ ፈረሰች፣ ብዙ ሰው ለቅቆ ሄደ። በ1970ዎቹ የግሪክ መንግሥት የቱሪዝም ድርጅት ባዶ የቀሩትን ዋሻዎች አድሶ የእንግዳ ማረፊያ ማድረግ ጀመረ። እኛ «ዘመን የማይሽረው» የምንለው ንጽሕና በእናቴ ዕድሜ የተሠራ ነው።

ፊልሙም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው «ዘ ሲስተርሁድ ኦፍ ዘ ትራቭሊንግ ፓንትስ» ውስጥ ሊና የምትባለው ዓይነ አፋር ልጅ ክረምቱን ሳንቶሪኒ አያቶቿ ጋ ታሳልፋለች። አያቶች አሉ፣ የቤተሰብ ጠብ አለ፣ ስለዚህ ከፖስትካርዱ ይሻላል። ግን ደሴቱ ያለው ሊና እንድትፈታ ነው፤ እሷ ስትሄድ ሰዎቹ ምን እንደሚሆኑ ፊልሙ አያስጨንቀውም።

አሁን ሌላ ምስል ላሳያችሁ። በደሴቱ ደቡብ፣ አክሮቲሪ በሚባለው ቦታ፣ አርኪዮሎጂስቱ ስፒሪዶን ማሪናቶስ እ.ኤ.አ. በ1967 መቆፈር ጀምሮ ከአመድ ሥር አንድ ሙሉ ከተማ አወጣ። ከአንዷ ትንሽ ክፍል ሦስት ግድግዳ የሸፈነ ሥዕል ተገኘ፤ ዛሬ አቴንስ ሙዚየም ውስጥ ነው ያለው፣ «ጸደይ» ይሉታል። ሰው የለበትም። ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ አለቶች፣ ከአለቱ ላይ ሦስት ሦስት ሆነው የወጡ አበቦች፣ ከላያቸው የሚፋለሱ ጥንድ ጥንድ ወፎች። ባሕር እንኳ የለም! ይህ ሠዓሊ የቆመው ለባሕሩ ጀርባውን ሰጥቶ ነው። ያየው የሚኖርበትን መሬት ነው፤ አለቱ ለእሱ መቆሚያ ሳይሆን ጉዳዩ ነበር። ፍንዳታው ሳይመጣ ነዋሪዎቹ ሸሽተው ይመስላል፤ በከተማዋ ፍርስራሽ ውስጥ የሟች አጽም አልተገኘም።

እኛም እንደ እሱ ዘወር ብንል ምን እናያለን? ከገደሉ በስተጀርባ መሬቱ ቀስ እያለ ወደ ምሥራቅ ይወርዳል፤ ጥቁር አሸዋ ያላቸው የካማሪና የፔሪሳ የባሕር ዳርቻዎች እዚያ ናቸው። በመሃል ደግሞ ወይን አለ። የለመድነው ዓይነት በሽቦ ላይ የተዘረጋ ወይን ግን አይደለም። ነፋሱ ኃይለኛ ስለሆነ ገበሬው ሐረጉን መሬት ላይ በክብ በክብ ይጠመዝዘዋል፤ እናቶቻችን ስፌት እንደሚሰፉት ያለ ነው። «ኩሉራ» ይሉታል። ዘለላው ቅርጫቱ ውስጥ ተደብቆ ይበስላል። በጋውን ዝናብ የለም፤ ሌሊት ከባሕር የሚመጣውን ጤዛና ጉም አመዳማው አፈር ይይዝለታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓን ወይን ያወደመችው ሥር በል ተባይ፣ ፊሎክሴራ፣ በዚህ አፈር መኖር ስለማትችል አሲርቲኮ የሚባለው ነጭ ወይን ዛሬም በራሱ ሥር ይቆማል። ሥሩ ከላይ ካለው ቅርጫት በጣም ያረጀ ነው፤ ቅርጫቱ ሲደክም ይቆረጣል፣ ከዚያው ሥር አዲስ ይወጣል።

ይህ ለፎቶ አይመችም። ከሩቅ ሲያዩት አቧራማ መሬት ላይ የተጣለ ቁጥቋጦ ነው። እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ ምክንያቱም ፎቶው ያላየውን መሬት ገበያውም አያየውም። ነዋሪው 15,000 ገደማ፣ ጎብኚው በዓመት ከ3 ሚሊዮን በላይ። ለአንድ ገበሬ መሬቱ ላይ ቪላ ማቆም ጎንበስ ብሎ ቅርጫት ከመጠምዘዝ ይበልጥ ያዋጣዋል፤ የወይን እርሻውም እየጠበበ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ በመርከብ የሚመጣውን ሰው በቀን 8,000 ላይ ገድቧል። ጥሩ ነው፤ ግን ገደቡ ሰውን ይቆጥራል እንጂ ሐረጉን አይቆጥርም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 መሬቱ ያለማቋረጥ ሲንቀጠቀጥ ከ11,000 በላይ ሰው ደሴቱን ለቅቆ ወጣ፤ በዚያ ሰሞን የተለመደው ፎቶ ስልኬ ላይ ያለ ምንም ለውጥ ይዞር ነበር። ያው ሰማያዊ፣ ያው ነጭ።

ለእናቴ መልስ ይዤ ሄድኩ። ሁለቱ ጉልላቶች የትንሣኤና የቅዱስ ስፒሪዶን ናቸው አልኳት። ስፒሪዶን በትውፊቱ ኒቅያ ከተሰበሰቡት ከሠለስቱ ምዕት አንዱ ነው ስላት ፊቷ በራ፤ «በል፣ ዘመድ ነው!» ከዚያ ስለ ወይኑ ነገርኳት። ቪንሳንቶ የሚባል አላቸው፤ ዘለላውን ፀሐይ ላይ ለሁለት ሳምንት ያህል አስጥተው፣ ጨምቀው፣ በርሜል ውስጥ ለዓመታት ያቆዩታል። የኢያ ካፒቴኖች ወደ ሩሲያ ይጭኑት ነበር፤ እዚያ ለቅዳሴ ይውል ነበር።

«ዘቢብ ነዋ!» አለች። የእኛም የቅዳሴ ወይን ከዘቢብ ነው የሚዘጋጀው። እኔ ይህን ሁሉ አንብቤ አላገናኘሁትም ነበር።

ተነስታ ወደ ፎቶው ቀረበች። የእህቴን ትከሻ አልፋ፣ ከሸራው ጫፍ፣ ገደሉ የሚያልቅበትን ቦታ በጣቷ ነካች። «ወይኑ በየት በኩል ነው ታዲያ?»

ከዚህ ፎቶ ውጪ ነው፣ ከጀርባ አልኳት።

«አንሺው ዞር ቢል ምን ነበረበት?»