መርፌው ይቆይ

«ዶክተር፣ ዴክሳና ኦክሲ ወግተን ለምን አናያትም?» አለኝ ለተግባር ልምምድ የተላከልኝ ልጅ። ጠረጴዛው ላይ ያለችው ድመት የላይኛው ከንፈሯ በአንድ በኩል ተቦርቡሮ ጠርዙ አብጧል፤ ስንነካው ግን አልተቆጣችም።

ልጁ አይፈረድበትም፤ ስንቱ ባልደረባዬ የሚሠራው እንዲሁ ነው። ሁለቱን፣ ስቴሮይዱንና አንቲባዮቲኩን፣ ወግቶ ይሸኛል፣ ድመቷም ይሻላታል። እኔን የሚያስፈራኝ ይኸው መሻል ነው። ዴክሳሜታሶን እብጠቱን ያከስመዋል፤ በኋላ ናሙና ሲወሰድ የበሽታው ምልክት ደብዝዞ ይጠብቀናል። ከሥር ያለው ፈንገስ ከሆነማ መከላከያዋን አዳክመን ሜዳውን ለቀቅንለት ማለት ነው። ሪዮ ዴ ጃኔሮ ውስጥ ስፖሮትሪክስ የተባለው ፈንገስ ከድመት ወደ ሰው በጭረትና በንክሻ ሲዛመት ዓመታት ቆጥሯል። የእነዚያ ድመቶች ቁስል ስላይድ ላይ ሲታተም እርሾ መሳይ ሕዋሳት ተጠቅጥቀው ይታያሉ።

ስለዚህ መጀመሪያ ስላይድ። ቅርፊቱ ይነሳል፣ ላዩ ይጠረጋል፣ ስላይዱ ጫን ይደረግበታል፤ ደርቆ፣ ቀለም ገብቶ ለማየት ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ባክቴሪያ የዋጡ ኒውትሮፊሎች ከሞሉት ንክሻን እጠረጥራለሁ። ልጁ ባዘጋጀው ስላይድ ላይ የታዩን ግን ሮዝ ፍሬ የሞላባቸው ኢዮሲኖፊሎች ናቸው። እነዚህ ነጭ የደም ሕዋሳት አለርጂን ስለሚጠቁሙ ቁንጫ ፍለጋ ማበጠሪያ አስመጣሁ። ከጭራዋ ሥር የረገፈው ጥቁር ብናኝ እርጥብ ጥጥ ላይ ቀላ፤ የቁንጫ ኩስ ነው፣ የራሷ ደም። ከዚህ በኋላ ስቴሮይድ ቢሰጣት አልጣላም፣ ቁንጫው አብሮ እስከጠፋ ድረስ። (ለውሻ የተሠራ ፐርመትሪን ግን በፍጹም፤ ድመት ይገድላል።)

ይህን ግትርነት ያስተማረችኝ አንዲት ነጭ ድመት ናት። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ፀሐይዋ ትፋጃለች፣ ድመቷም የምትውለው ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ተኝታ ነበር። የጆሮዋ ጫፍ ቆስሎ ሲያመጧት የድመቷ ባለቤት እማማ «ከጎረቤት ድመት ጋር ተቧጭራ ነው ልጄ» አሉኝ፤ አመንኩ። ቅባት ሰጠሁ፣ መርፌ ወጋሁ። ቅርፊቱ ይወድቃል፣ ይመለሳል። ከጠርዙ ቆርጬ ለምርመራ የላክሁት ከአራት ወር በኋላ ነው፦ የቆዳ ካንሰር። እዚህ ላይ ስላይድ ብቻውን ላያሳየኝ ይችል ነበር፤ መሃሉ መግልና የሞተ ሥጋ ነው። ጠርዙን በጊዜው ብቆርጥ ግን ምናልባት ጆሮዋን ብቻ አጥታ ትተርፍ ነበር። እማማ ያመጡባትን ዘንቢል ባዶውን ይዘው ሲወጡ በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ።

ዛሬ ነጭ ድመት ለክትባት እንኳ ብትመጣ እጄ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ጆሮዋ ጫፍ ነው።