ቋንቋ አልባው መርከብ፦ «ሃያ ሺህ ሌግ ከባሕር በታች» የተሰኘው ፊልም ከቋንቋ አንጻር ሲታይ

1. መነሻ

በሪቻርድ ፍላይሸር አዘጋጅነት፣ በዋልት ዲስኒ ፕሮዲውሰርነት እ.ኤ.አ. በ1954 ለእይታ የበቃው «ሃያ ሺህ ሌግ ከባሕር በታች» ከሳይንሳዊ ልቦለድ ፊልሞች መካከል ከቀዳሚዎቹ ተርታ የሚመደብ ሥራ ነው። ፊልሙ በሥነ ጥበብ ዝግጅትና በልዩ ትዕይንት ቅንብር ሁለት የኦስካር ሽልማቶችን አግኝቷል። ስለ እርሱ ሲነሣም በአብዛኛው የሚወደሰው ለዓይን የቀረበው ነው፦ የባሕር አውሬ የሚመስለው ኖቲለስ፣ በማዕበል መካከል የሚካሄደው ውጊያ፣ የባሕሩ ወለል ውበት። ይህ ጽሑፍ ትኩረቱን ከዓይን ወደ ጆሮ ያዞራል። የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ በኖቲለስ ላይ የሚነገረው ቋንቋ ምንድን ነው?

መልሱ ቀላል ይመስላል፤ እንግሊዝኛ ነው። የጽሑፉ መከራከሪያ ግን ፊልሙ እንግሊዝኛን እንደ ብርጭቆ አሳላፊ አድርጎ በመቁጠሩ የታሪኩን ዋና ጥያቄ ከእጁ ጥሏል የሚል ነው። ከተጣለውም ውስጥ ከፊሉን ወደ አማርኛ የሚተረጉም ሰው ወደደም ጠላም እንደገና ለማንሣት ይገደዳል፤ የሚያስገድደውም ሰዋስው ነው።

2. በልቦለዱ የነበረው፣ በፊልሙ የታጣው

ዡል ቬርን ልቦለዱን በፈረንሳይኛ በተከታታይ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1869 እና በ1870 ነው። ፕሮፌሰር አሮናክስ፣ አገልጋዩ ኮንሴይና ዓሣ ነባሪ አዳኙ ኔድ ላንድ በመርከቡ ውስጥ ተዘግቶባቸው ሳለ ሁለት ሰዎች ይገቡባቸዋል። ሁለቱ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት ምርኮኞቹ ፈጽሞ ሰምተውት በማያውቁት ቋንቋ ነው። ምርኮኞቹ የደረሰባቸውን በፈረንሳይኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ በጀርመንኛ፣ በመጨረሻም በላቲን ያስረዳሉ፤ መልስ የለም። ኔሞ አራቱንም ቋንቋዎች እንደሚያውቅ የሚገልጠው ዘግይቶ ነው። ዝምታው አለማወቅ አልነበረም፤ ማንነታቸውን መመርመሪያ ነበር።

የመርከቡ ቋንቋ የየትኛውም ሀገር አይደለም። ከልዩ ልዩ ሕዝቦች የወጡ ሰዎች የብስን ሲከዱ የየብስን ቋንቋም ከድተው የጋራ መግባቢያ አበጅተዋል። የመርከቡ ምክትል አለቃ በየዕለቱ አድማሱን ከቃኘ በኋላ አንድ ዓረፍተ ነገር ይደጋግማል፤ አሮናክስም ፍቺውን ማንም ሳይነግረው ከሁኔታው ለመገመት ይሞክራል። በመስክ ጥናት ያለ አስተርጓሚ የሠራ የቋንቋ ተመራማሪ ይህን አቋም ያውቀዋል።

የዚህ ሁሉ ጫፍ የሚታየው ስኩዊድ ከሚባሉት ባለ ብዙ ክንድ ግዙፍ የባሕር እንስሳት ጋር በተደረገው ውጊያ ላይ ነው። በእንስሳው ክንድ ተይዞ የሚወሰደው መርከበኛ የጋራውን ቋንቋ ትቶ በፈረንሳይኛ «ድረሱልኝ» ብሎ ይጮኻል። አሮናክስ የሀገሩ ሰው አብሮት ሲጓዝ እንደ ቆየ የሚያውቀው ሰውየው በሚሞትበት ቅጽበት ነው። ቬርን በአንድ ጩኸት ያሳየው ነገር ግልጽ ነው፦ የጋራው ቋንቋ ውል ነው፤ በውል የተገባበት በሞት ፊት ይፈርሳል። አፍ የተፈታበት ቋንቋ ግን በፈቃድ አይተውም።

ፊልሙ የስኩዊዱን ውጊያ ታላቁ ትዕይንቱ አድርጎ አቅርቦታል፤ ጩኸቱን ግን አስቀርቷል። በፊልሙ በእንስሳው የሚያዘው ራሱ ኔሞ ነው፤ የሚያድነውም ሊያመልጥ የሚያሤረው ኔድ ላንድ ነው። ለድራማው ይህ ለውጥ ብልህ ነው፤ ጠላት ጠላቱን ያድናልና። ነገር ግን ትዕይንቱ ስለ ሁለት ሰዎች ብቻ የሚናገር ሆኗል። መርከበኞቹ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው፣ ጥቂት ተናግረው፣ ብዙ ታዘው ያልፋሉ። የቋንቋ ማኅበረሰብ የነበሩት ሰዎች የመርከቡ ዕቃ ሆነዋል። በፊልሙ ከእንግሊዝኛ ውጭ የራሱ አንደበት ያለው ነገር ቢኖር ኔሞ የባኽን ሙዚቃ የሚጫወትበት ኦርጋን ብቻ ነው።

3. ቅላጼ እንደ ምትክ

ፊልሙ ልዩነትን ፈጽሞ አልሰረዘም፤ ከቋንቋ ወደ ቅላጼ አዛውሮታል። ፈረንሳዊውን አሮናክስን የሚጫወተው የቡዳፔስት ተወላጁ ፖል ሉካስ ነው። ኮንሴይን የሚጫወተው ፒተር ሎሬም የተወለደው በያኔው ኦስትሮ-ሃንጋሪ ግዛት ነው። ሁለቱም እንግሊዝኛን የሚናገሩት በማዕከላዊ አውሮፓ ቅላጼ ሲሆን ፊልሙ ይህንኑ «ፈረንሳዊነት» አድርጎ ያቀርበዋል። በዚህ አሠራር የባዕድነት ዓይነት አይለይም፤ ባዕድ መሆን ብቻ ይበቃል። በልቦለዱ የኩቤክ ካናዳዊ የሆነው ኔድ ላንድም በከርክ ዳግላስ አፍ አሜሪካዊ መርከበኛ ሆኗል።

ከሁሉ የሚያነጋግረው የጄምስ ሜሰን ኔሞ ነው። ቬርን ኔሞን በመጀመሪያ ያሰበው ሩሲያን የሚበቀል ፖላንዳዊ አድርጎ ነበር፤ አሳታሚው ኤትዜል ስለ ተቃወመ የሰውየው ሀገር በዚህ ልቦለድ ሳይገለጥ ቀረ። በኋላ «ምስጢራዊቷ ደሴት» በተሰኘው ሥራው ግን ኔሞ ህንዳዊው ልዑል ዳካር መሆኑን፣ እ.ኤ.አ. በ1857 በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ በተነሣው ዓመፅ መሳተፉን ገልጧል። በፊልሙ ይህ ሰው የተማረ እንግሊዛዊ ድምፅ አለው። በሩራ ፔንቴ የግዞት ሥፍራ ያሠቃየችው፣ ሚስቱንና ልጁንም የገደለችበት ሀገር ስሟ አይጠራም። ፊልሙ የተመሠረተው በመጀመሪያው ልቦለድ ላይ ነውና ልዑል ዳካርን ባለመጥቀሱ አይወቀስም። ሆኖም በዚያው ልቦለድ ኔሞ በሲሎን ባሕር ከሻርክ ያዳነውን ደሃ ህንዳዊ ዕንቁ ጠላቂ የተጨቆነ ሕዝብ ልጅ ይለዋል፤ ራሱንም ከዚያ ወገን ይቆጥራል። ይህ ትዕይንት በፊልሙ የለም። በፊልሙ የቀሩት «የአገሬው ሰዎች» ኔድ ላንድን እስከ መርከቡ የሚያሳድዱ፣ በኤሌክትሪክ ተነዝረው ለሣቅ የሚሸሹ ሰው በላዎች ናቸው። የአንድ ሕዝብ ቁጭት የነበረው ነገር የአንድ ባል ሐዘን ሆኗል።

ለአካባቢያችን አንባቢ ሌላም የቀረ ነገር አለ። በልቦለዱ ኖቲለስ በባብ ኤል መንደብ ገብቶ ቀይ ባሕርን ያቋርጣል፤ የስዊዝ ቦይ ገና አልተከፈተምና ወደ ሜዲትራኒያን የሚወጣው ከምድር በታች ባለ ምናባዊ ዋሻ ነው። ፊልሙ በዚህ አያልፍም።

4. ርዕሱና ስሙ በአማርኛ

የፈረንሳይኛው ርዕስ የሚናገረው ስለ ጥልቀት ሳይሆን ስለ ጉዞ ርዝመት ነው። የቬርን ሌግ 4 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሃያ ሺህው 80,000 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም የምድር ዙሪያ ሁለት እጥፍ ይሆናል። የውቅያኖስ ጥልቀት ግን ከ11 ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም። በፈረንሳይኛው «ባሕሮች» የሚለው ብዙ ቁጥር የጉዞውን ትርጉም ያግዛል፤ እንግሊዝኛው ነጠላ አድርጎታል።

በአማርኛ ችግሩ ይብሳል። መጠንን ከ«ከ…በታች» ጋር ስናገናኝ የመጀመሪያው ፍቺ ቁልቁል የሚለካ ርቀት ነው፤ «ከመሬት በታች ሃያ ሜትር» ሲባል ማንም አግድም አያስብም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አናት ላይ በልማድ የሰፈረው ርዕስ አሳሳች ነው፤ «በባሕሮች ሥር የሃያ ሺህ ሌግ ጉዞ» የሚለው ይሻላል። መለኪያውን «ሊግ» ማለት ደግሞ አንባቢውን ወደ እግር ኳስ ውድድር ይወስደዋል። «ምዕራፍ» የሚለው ነባር ቃል በመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉማችን ለርቀት ቢያገለግልም መጠኑ ከአንድ ኪሎ ሜትር እጅግ ያንሳል። በአንጻሩ «ሰርጓጅ» የተዋጣ ስያሜ ነው፦ ከ«ወረደ» «ወራጅ» እንደሚወጣ ሁሉ ከ«ሰረጎደ» በመጨረሻው ድምፅ ላንቃዊነት የተገኘ የአድራጊ ስም ነው።

«ኔሞ» በላቲን «ማንም ያልሆነ» ማለት ነው። አማርኛ ይህን በአንድ ቃል አይሰጥም። «ማንም» አሉታዊ ትርጉም የሚያገኘው ከአፍራሽ ግሥ ጋር ሲሆን ነው፤ «ካፒቴን ማንም» ብንል «ማንኛውም ሰው» እንጂ «ማንም ያልሆነ» አይሆንም። የአማርኛ የመጠሪያ ስሞች ግን ሌላ መንገድ ያውቃሉ። «ማንደፍሮ» እና «ማንያህልሃል» በጥያቄ መልክ የቀረቡ አሉታዎች ናቸው፤ መልሳቸው «ማንም» ነው። ስሙን እንተርጉም ማለቴ አይደለም፤ ቋንቋው ያለ አፍራሽ ግሥ «ማንም የለም» የሚልበት ስልት በእጁ እንዳለ ማመልከቴ ነው።

5. አንተ፣ እርስዎ፣ እናንተ

ዋናው ፈተና የሚመጣው በሁለተኛ መደብ ነው። የእንግሊዝኛው ተውላጠ ስም አክብሮትንም ቁጥርንም አይለይም። አማርኛ ግን በእያንዳንዱ ግሥ ውሳኔ ይጠይቃል። ኔሞ አሮናክስን በመርከቡ እንዲቀር ፈቅዶ ኔድንና ኮንሴይን ከመርከቡ ጣሪያ ላይ ትቶ ሊጠልቅ የሚነሣበትን ትዕይንት እንውሰድ። ለፕሮፌሰሩ «እርስዎ»፣ ለሁለቱ «እናንተ» ማለቱ ማን በሕይወት እንደሚቀር ከፍርዱ በፊት ይናገራል። ፕሮፌሰሩ ከጓደኞቹ ጋር መስጠምን ሲመርጥ ከ«እርስዎ» ወጥቶ ወደ «እናንተ» ይገባል። እንግሊዝኛው ይህን መሻገር በሰዋስው አያሳይም።

ኔድ ላንድ ለኔሞ «አንተ» ቢል ንቀት፣ «እርስዎ» ቢል መገዛት ይሆናል። ከስኩዊዱ ካዳነው በኋላስ? ኔሞ «አንተ» እያለ ቢቀጥል የሕይወት ዕዳ ማዕረግን አልለወጠም ማለት ነው፤ ወደ «እርስዎ» ቢሸጋገር ተርጓሚው ፊልሙ ያላለውን እርቅ ፈጽሟል።

በልቦለዱ ኮንሴይ ጌታውን የሚያናግረው በሦስተኛ መደብ ነው፤ ይህም አሮናክስን አንዳንዴ ያሰለቸዋል። ፊልሙ ይህን ጠባይ ትቶታል። አማርኛ ግን «ጌቶች እንደ ፈቀዱ» ሲል የአክብሮት ሁለተኛ መደብና ሦስተኛ መደብ በአንድ የግሥ ቅርጽ ይገናኛሉ፤ «እርስዎ ይወዳሉ»፣ «እሳቸው ይወዳሉ»። እንግሊዝኛ የጣለውን አማርኛ በዕለት ተዕለት ንግግሩ ይዞታል።

6. ማጠቃለያ

ፊልሙ በዓይን የሠራው ታላቅ ነው፤ ለጆሮ የተወው ባዶ ነው። ያ ባዶነት ቴክኒካዊ ጉድለት አይደለም፤ አንዱ ቋንቋ የሁሉ ቋንቋ ነው የሚል እምነት ነው። ብዙ ቋንቋ በሚነገርበት አካባቢያችን ይህ እምነት ከፊልም አዳራሽ ውጭም ይሠራል፤ ልቦለዱ የሚያስታውሰን በጋራ ቋንቋ ሥር የአፍ መፍቻ ቋንቋ ሳይሞት እንደሚቆይ ነው።

ተርጓሚው የጠፋውን ሁሉ ሊመልስ አይገባውም። ፊልሙ ያላሰማውን የመርከበኞች ቋንቋ መፍጠር አዲስ ድርሰት ነው። ሰዋስው የሚያስገድደውን ውሳኔ ግን በልማድ ሳይሆን በሐሳብ ሊወስን ይገባዋል፦ ከመጀመሪያው ትዕይንት በፊት ማን ማንን «አንተ»፣ ማን ማንን «እርስዎ» እንደሚል፣ የት ላይ እንደሚለወጥ በሠንጠረዥ ይንደፍ። የቋንቋ ክፍሎቻችን ለፊልም ተርጓሚዎች ሊሰጡት ከሚችሉት እርዳታ የመጀመሪያው ይህ ቀላል ሠንጠረዥ ነው።