በይፋት ቆላ ስለሚለካው ውሃና ስለ መለኪያው

ስለ ይፋት ቆላ ውሃ ከተጻፉት የተማሪዎች ጥናቶች መካከል ባነበብኳቸው በብዙዎቹ አንድ ጉድለት ይታየኛል። ሠንጠረዡ ሙሉ ነው፤ ቁጥሩም እስከ ሁለተኛው የነጥብ ቤት ድረስ ተጽፏል። መለኪያው መቼ እንደ ተጠረገና የት እንደ ተስተካከለ ግን አንድ ቃል አይገኝም። ይህ ነገር ትንሽ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደውን መንገድ ያስብ።

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ጣርማ በርና ደብረ ሲና ታልፈው ሸዋ ሮቢት ሲደረስ ከፍታው ወደ 1,280 ሜትር ይወርዳል። ብርዱ በሙቀት ይለወጣል፤ አየሩም ይከብዳል። በውሃ ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን የሚለካ፣ የአየሩን ግፊት ግን ራሱ የማያውቅ መሣሪያ በደብረ ብርሃን 100 በመቶ እንዲያሳይ ተስተካክሎ ቢወርድ፣ ኦክስጅን በጠገበ የሮቢ ወንዝ ውሃ ውስጥ ወደ 120 በመቶ ያሳያል። ተመራማሪው ይህን አይቶ ወንዙ በአልጌ ተሞልቷል ብሎ ቢጽፍ፣ የጻፈው ስለ ወንዙ ሳይሆን ስለ ቁልቁለቱ ነው።

የፒኤች መለኪያውም የራሱ ጣጣ አለው። ጫፉ ላይ ያለችው የብርጭቆ እንክብል ከደረቀች ትደነዝዛለች። ይህን የፈራ ሰው ንጹሕ ነውና ይጠቅማል ብሎ ለመኪና ባትሪ በሚሸጠው ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፋታል። የሚያደክማት ግን ይኸው ንጽሕናው ነው፤ ማደሪያዋ ፖታሲየም ክሎራይድ የሟሟበት ውሃ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የጨው መጠን የሚገመትበት የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት መለኪያ ነው። የሸዋ ሮቢት ገበሬ በመስኖ ሽንኩርት ያለማል፤ ሽንኩርት ደግሞ ጨው አይችልም። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው መመሪያ መሠረት የመስኖው ውሃ አስተላላፊነት በሴንቲሜትር ከ800 ማይክሮሲመንስ ሲያልፍ የሽንኩርት ምርት መቀነስ ይጀምራል። እንግዲህ እውነተኛ መጠኑ 900 የሆነ የጉድጓድ ውሃ አለ እንበል። ደለል የለበሰ ወይም ኖራ የጋገረበት መለኪያ 15 በመቶ ቢያጎድል 765 ያሳያል፤ ውሃውም ለሽንኩርት ተስማሚ ነው ተብሎ ይጻፋል። መለኪያው ተበላሽቶ ዝም ቢል ኖሮ የሚጎዳው ጥናቱ ብቻ በሆነ ነበር፤ ቁጥር መስጠቱን ስለማያቋርጥ ግን ዕዳው ወደ ገበሬው ማሳ ይሻገራል።

የዛሬ መሣሪያዎች ራሳቸው ያርማሉ የሚል መልስ ይሰጠኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ብዙዎቹ የሙቀቱን ልዩነት ያርማሉ፤ አስተላላፊነት በእያንዳንዱ ዲግሪ 2 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ይህ ቀላል ውለታ አይደለም። ደለሉን ግን አያዩትም። እርሱን የሚያነሣው ለስላሳ ብሩሽና ሳሙና ነው፤ ለኖራውም ጥቂት ኮምጣጤ ይበቃል።

በበኩሌ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። መጠኑ የታወቀ ማመሳከሪያ ፈሳሽ እዚያው ሸዋ ሮቢት ላይ ጠዋት ከሥራ በፊት፣ ማታም ከሥራ በኋላ ይለካ፤ ሁለቱም ቁጥሮች በሠንጠረዡ ግርጌ ይጻፉ። የማታው ከጠዋቱ እጅግ ቢርቅ የዚያን ቀን ልኬት መጣል ግድ ይሆናል፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያው ለተቃረበበት ተማሪ ይህ እንደሚመር አውቃለሁ።