ባለ አንድ ዓይኑ ማን ይሁን?

«ኮሚክ» የምትለው ቃል በእኛ አፍ ላይ ተበላሽታለች። «አንተ እኮ ኮሚክ ነህ!» ስንባባል ቀልደኛ፣ ሲከፋም ቀሽም ማለታችን ነው። ሥዕልና ጽሑፍ ክፈፍ በክፈፍ ተያይዘው ታሪክ የሚነግሩበትን ጥበብ በዚሁ ስም ስንጠራው እንግዲህ ገና መጽሐፉን ሳንከፍት ፈርደንበታል። በየዶርሙ ክርክር የሚሰማውም ይኸው ነው፤ የልጅ ጨዋታ ነው፣ ማንበብ የሚሰንፍ ሰው መጽሐፍ ነው፣ ደግሞም የፈረንጅ ነው ይባላል። እኛ ከቢቸናና ከሞጣ የመጣን ጥቂት ተማሪዎች በሦስቱም አንስማማም። ከመጨረሻው እንጀምር።

የፈረንጅ ነው? እንዴት ሆኖ! ፊደል ከመቁጠራችን በፊት ክፈፍ በክፈፍ ማንበብ የለመድነው በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ነው። ምሥራቅ ጎጃም በዚህ አይታማም፤ ደብረ ወርቅና መርጡለ ማርያም የማን ሀገር ሆኑና። ልጅ ሆኖ በማኅሌቱ ዙሪያ አንገቱን አቅንቶ የዞረ ሰው በላዔ ሰብእን ያውቀዋል። ሰውየው 78 ሰው በልቷል። ቀጥሎ አንድ የተጠማ ለማኝ በእመቤታችን ስም ውሃ ሲለምነው በእፍኙ ይሰጠዋል። ቀጥሎ ሚዛን፤ ባንድ ወገን 78 ነፍስ፣ በሌላው እፍኝ ውሃ። ሚዛኑ ወዴት እንዳጋደለ ሕፃኑ በዓይኑ ያያል። ከእፍኙ እስከ ሚዛኑ መካከል ምን እንደተፈጸመ ግን ሠዓሊው አልሣለም፤ ያንን የሚሞላው ተመልካቹ ነው። ከዚህ የበለጠ የሥዕል ትረካ ትምህርት ቤት ከየት ይመጣል?

የሞጣ ሰው ለዚህ ነገር ሌላም ምሳሌ አለው። በአፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት የዓባይ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ፈርሶ «ሰባራ ድልድይ» ተባለ። በ1994 ዓ.ም. እስኪጠገን ድረስ መንገደኛው በሁለቱ ሰባራ ጫፎች መካከል በገመድ እየተጎተተ ነበር ከጎጃም ወደ ጎንደር የሚሻገረው። (ለጥገናው የተነሣሣው አሜሪካዊ ያን የገመድ መሻገሪያ በአንድ መጽሔት ላይ በፎቶግራፍ አይቶ ነው። ሥዕል ሥራ አይሠራም የሚል ካለ ይህን ይመልስልን።) በሁለት ክፈፎች መካከል ያለው ነጭ ቦታም እንዲሁ ነው። ገመዱን የሚጎትተው አንባቢው ራሱ ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው ሰነፍ አንባቢ ነው ማለት ደግሞ አይሆንልንም።

ይሁንና የወረስነውን ሁሉ አሜን ብለን አንቀበልም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ክፈፍ የሚያሳዩትን የአዲስ አበባ ሸራዎች እንውሰድ። ከዘንዶው ንግሥ ይጀምራል፤ ዘንዶው ይገደላል፣ ነጋዴው ታምሪን ይመጣል፣ ንግሥቲቱ ኢየሩሳሌም ትወርዳለች፣ ምኒልክ ይወለዳል፣ ታቦቱ ይመጣል። ከየሥዕሉ ሥር አንድ መሥመር አማርኛ አለ። እውነቱን ለመናገር ይህ ሥራ በሙሉ ትርጉሙ ኮሚክ ነው። ጉድለቱ ግን ከጽሑፉ ላይ ነው፤ ንግሥቲቱ ውሃ ስትጠጣ ይሥልና ከሥሩ ንግሥቲቱ ውሃ ስትጠጣ ብሎ ይጽፍልናል። አየን እኮ! ሰሎሞን በቅመም ያቃጠለ ምግብ አብልቶ፣ ከቤቱ አንዳች ሳታስፈቅደኝ እንዳትነኪ ብሎ አስምሎ፣ ውሃውን አልጋዋ አጠገብ አስቀምጦ ነው የጠበቃት። ውሃው ወጥመድ ነው። ጽሑፉ ስለ መሐላው ቢያወራ ወይም ዝም ቢል ኖሮ ሥዕሉ ይናገር ነበር።

የዲማን የቅኔ ዝና ሰምቶ ያደገ ሰው ይህን በሌላ አነጋገር ያውቀዋል። ሥዕሉ ሰም ከሆነ ቃሉ ወርቁን ይያዝ፤ ቃሉ ሰም ከሆነ ሥዕሉ ይያዝ። ሁለቱም ሰም የሆኑበት ገጽ ቅርጽ አለው፣ ይዘት ግን የለውም።

በየከተማችን ልጆች ይህን ጥበብ የሚጀምሩት በደብተር ጀርባ ነው። በኛ ጊዜ አንዱ በቢክ ይሥል ነበር፣ ሌላው ንግግሩን ይጽፋል፣ ሦስተኛው ከዴስክ ዴስክ ያዞረዋል። ታሪኩ ከቪዲዮ ቤት የታየ ካራቴ ነው፤ የጀግናው ስም ጆን፣ መንደሩ ኒውዮርክ። ቢሆንም የሚቀጥለው ገጽ እስኪደርሰው የሚቁነጠነጥ አንባቢ ነበረ። ለፈተና ካልሆነ መጽሐፍ የማይከፍተው ልጅ ለዚያ ደብተር ወረፋ ይይዝ ነበር። የማንበብ ፍቅር እንዲህ ሲጀምር ያየ ሰው ስለ ልጅ ጨዋታ በንቀት አያወራም።

ለነገሩ በዓለም ከታወቁት የዚህ ጥበብ ባለሙያዎች አንዱ ፍቅሩን ከያዙት አገሮች አንዱ የኛው ነው። ኡጎ ፕራት የሚባለው ጣሊያናዊ እ.ኤ.አ. በ1937፣ በ10 ዓመቱ ገደማ፣ በወረራው ዘመን ከእናቱ ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጣ። አባቱ የወራሪው ጦር ወታደር ነበር፤ በእንግሊዞች ተማርኮ በ1942 በእስር እንዳለ ሞተ። ልጁና እናቱ ድሬዳዋ ከነበረ የእስረኞች ካምፕ ሲቀመጡ፣ ልጁ ከዘበኞቹ ኮሚክ እየገዛ ያነብ ነበር። በኋላ ኮርቶ ማልቴዝ የተባለውን መርከበኛ ፈጠረ፤ የኢትዮጵያን ስም በርዕሱ የያዘ መጽሐፍም አለው። ምድራችንን በፍቅር ሥሎታል፣ አንክድም። ግን የሣለው ከየት ቆሞ እንደሆነ አንርሳ። ያ ልጅ ከወራሪው ወገን ሆኖ ሲያድግ፣ በላይ ዘለቀ ቢቸና ላይ ጣሊያንን ይዋጋ ነበር።

ወደ ዘመናችን እንምጣ። ብሥራት ደበበ የመሠረተው ኢታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አወጣ። ከዓመት በኋላ ጀግናዋ ሴት የሆነችው «ሐዊ» ተከተለች። የ«ጀምበር» ጀግና አማኑኤል ከትምህርት ወጥቶ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። ይህ ምርጫ በጣም ደስ ይላል። ዲግሪ ይዞ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር የሚቆም ሰው ለኛ ተረት አይደለም፤ የከርሞ እኛ ነን። ታዲያ ይህ ወጣት ኃይል የሚያገኘው እንደ አሜሪካ ጀግኖች ከሰው በላይ በመሆን መሆኑ ነው ቅር የሚለን። ሥራ ማጣቱ እንዳለ ይቀመጥና መብረሩ ይጀምራል። የኮትዲቯሯ ማርገሪት አቡዌ በ2005 በጀመረችው «አያ» ውስጥ የሚበር የለም፤ የአቢጃን ሠፈር ልጃገረዶች ያወራሉ፣ ይቀናናሉ፣ ያገባሉ፣ ያም በቅቷል። የሞጣ ገበያ ወይም የቢቸና መናኸሪያ ለዚህ ምን ያንሰዋል?

ቋንቋውን በተመለከተ አንድ ነገር እንጨምር። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ይህ ለሥዕል ትረካ ሲሳይ ነው። በአንዱ ክፈፍ ሽማግሌው «ያንን የጠፋብህን በሬ እኮ እኔ ራሴ...» ይበል፤ በሚቀጥለው ክፈፍ «አገኘሁት» ወይም «አረድሁት» ወይም «ሰረቅሁት» ይበል። አንባቢው ያቺን አንዲት ነጭ ቦታ ትንፋሹን ይዞ ነው የሚያልፋት። በእንግሊዝኛ ታስቦ ወደ አማርኛ የሚገለበጥ ንግግር ይህን ሁሉ ሀብት ያባክናል። ንግግሩ ሲጻፍም የጎጃም ሰው እንደሚያወራው ይሁን እንጂ የዜና አንባቢ አያስመስለው።

አሁን ዋናው ጥያቄያችን። የጥንቱ ሠዓሊ ሕግ ነበረው፤ ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ኃጥኡን በጎኑ በአንድ ዓይን ይሥላል። በዓድዋ ሥዕሎች ላይም ጣሊያኑ በአብዛኛው ባለ አንድ ዓይን ነው። ማንም ማይም ወዳጅና ጠላትን ባንድ አፍታ ይለያል። ግሩም ዘዴ ነው። እንግዲህ በዚህ ሕግ የበላይ ዘለቀን ታሪክ እንሣል።

የመጀመሪያዎቹ ክፈፎች አያስቸግሩም። የዓባይ በረሃ፣ ጠመንጃው፣ አምስቱ የአርበኝነት ዓመታት፤ ጣሊያኑ በጎኑ፣ በላይ ፊት ለፊት። ነፃነት ይመጣል፣ በላይ ደጃዝማች ይባላል። ከዚያ ሸፈተ ይባላል፣ ይያዛል፣ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ይሰቀላል። የሰቀለው ጣሊያን አይደለም፤ አርበኞች የተዋጉለት የራሳቸው መንግሥት ነው። እዚህ ላይ ብሩሹ ይቆማል። ፈራጁን በጎኑ እንሣለው ወይስ ፊት ለፊት? ገመዱን የሚያስገባውን ሎሌስ? ቆሞ የሚያየውን ሕዝብስ? በላይን ራሱን፣ በመዝገቡ ላይ «ወንጀለኛ» የተባለውን በላይን፣ ሁለተኛ ዓይኑን ማን ይሰጠዋል?

የኛ አስተያየት በዚያ ገጽ ላይ ሁሉም ሁለት ሁለት ዓይን ይኑራቸው የሚል ነው። ፍርዱን አንባቢው ይስጥ፤ ጽሑፉም የቀኑን ስምና የቦታውን ስም ጠቅሶ ዝም ይበል። ከመካከላችን አንዱ ግን አጥብቆ ይቃወማል። ባለ አንድ ዓይን የሌለበት ሥዕል ፈሪ ሥዕል ነው፣ ሞጣ ገበያ ላይ ዘርግታችሁት እዩ፣ ማንም አይገዛችሁም ይላል። እሺ፤ ወረቀቱንም ቀለሙንም ሰጥተነዋል። ለሚቀጥለው እትም እሱ በአንድ ዓይን ይሣለው፣ እኛ በሁለት፤ ሁለቱንም ጎን ለጎን እናወጣቸዋለን።