ሳርኮይዶሲስ «የወጣቶች በሽታ» ነውን?

የሕክምና መማሪያ መጻሕፍት ስለ ሳርኮይዶሲስ ሲጽፉ ነገሩን ብዙ ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይዘጉታል፤ ይኸውም በሽታው ከ40 ዓመት በታች ያሉትን ወጣቶች፣ ከወንድ ይልቅ ሴትን፣ ከነጭም ይልቅ ጥቁርን ይይዛል የሚል ነው። ተማሪም ለፈተና ይህንኑ ያጠናል። እኛ የምንነቅፈው ዐረፍተ ነገሩ ፈጽሞ ሐሰት ነው ብለን ሳይሆን፣ የአንድን ሕዝብ ቍጥር የበሽታው ጠባይ አስመስሎ ስለሚያቀርብ ነው።

ሳርኮይዶሲስ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ተሰብስበው ግራኑሎማ የተባሉትን ጥቃቅን ጕብታዎች የሚሠሩበት ሕመም ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠቃው ሳንባንና በደረት ውስጥ ያሉትን ንፍፊቶች ነው። ዓይንን፣ ቆዳንና ልብንም ይነካል። ስሙ የመጣው የኖርዌዩ ሐኪም ቦክ በ1899 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ነው) ስለ ቆዳ በሽታ ካወጡት ጽሑፍ ነው። መነሻው እስከ ዛሬ ስላልታወቀ፣ ማንን በምን ዕድሜ እንደሚይዝ መቍጠር ምክንያቱን ለመፈለግ ካሉት ጥቂት መንገዶች አንዱ ነው፤ ስለዚህ አቈጣጠሩን መመርመር ትርፍ ሥራ አይደለም።

ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በ1997 የታተመው የአሜሪካ የዲትሮይት ከተማ ጥናት ነው። በዓመት ከ100,000 ሰው መካከል አዲስ የታመሙት ከጥቁሮቹ 35.5፣ ከነጮቹ 10.9 ሆነው ተገኙ፤ ከ30 እስከ 39 ዓመት ባሉት ጥቁር ሴቶች ዘንድ ግን ቍጥሩ 107 ደረሰ። ሁለቱም ወገኖች ገንዘብ አስቀድመው ከፍለው በአንድ የሕክምና ድርጅት የሚታከሙ ስለ ነበሩ ልዩነቱን ሐኪም በማጣት ብቻ ለማስረዳት ያስቸግራል። ጥናቱ የተመሰገነ ነው። ጥፋቱ የዲትሮይትን ሴት የዓለም ሴት ያደረጉት ጸሐፊዎች ነው።

በ2016 የታተመው የስዊድን ጥናት በአገሩ የሕሙማን መዝገብ ላይ ተመሥርቶ በዓመት ከ100,000 ሰው 11.5 አዲስ ሕሙማን አገኘ። ወንዶቹ በብዛት የሚታመሙት ከ30 እስከ 50 ዓመት ሲሆን፣ ሴቶቹ ግን ከ50 እስከ 60 ባለው ጊዜ ነው። በጃፓን በ2004 የተደረገው ቈጠራ ደግሞ በጠቅላላው 1.01 ብቻ አሳየ፤ ለወንዶች 0.73፣ ለሴቶች 1.28 ማለት ነው። በዚያም በወጣትነት አንድ ጊዜ፣ በሴቶቹ ዘንድ ከ50 ዓመት በኋላ ሁለተኛ ጊዜ ከፍ ይላል። ታዲያ የመጻሕፍቱ የሠላሳ ዓመት ሴት ስቶክሆልም ላይ ወዴት ሄደች?

ነገሩን በሴት ሆርሞን ብቻ ሊያስረዱ የሚሞክሩ አሉ። ሆርሞኑ ብቻውን ወሳኝ ቢሆን ኖሮ ግን የዲትሮይቷና የስዊድኗ ሴት የሚታመሙበት ዕድሜ በሃያ ዓመት ያህል ባልተራራቀ ነበር።

ሌላም ችግር አለ። በሽተኛው የተገኘበት መንገድ ዕድሜውንና ፆታውን ይመርጣል። ወታደርና ሠራተኛ በጅምላ ራጅ ሲነሣ ምንም ሕመም የማይሰማው ጐልማሳ ወንድ ይገኛል፤ ሐኪሙ በሽተኛው እስኪመጣ ሲጠብቅ ግን የሚያመው ብቻ ይቈጠራል። ሕመሙም በሁለቱ ፆታዎች አንድ ዓይነት አይደለም፤ በስዊድን ድንገት የሚጀምረው ዓይነት በሴቶች ላይ ይበልጡን በቅልጥም ቀይ እብጠት፣ በወንዶች ላይ በቍርጭምጭሚት ሕመም ይገለጣል። (በሸመገሉት ዘንድ ሴቶች ከወንዶች እንደሚበዙ እየታወቀ «አብዛኞቹ ታካሚዎች ሴቶች ናቸው» ብሎ ማለፍም ስሌት አይባልም።)

ለእኛ ነገሩ የፈተና ጥያቄ ብቻ አይደለም። የዲትሮይት ጥቁሮች አያቶች በብዛት ከምዕራብና ከምዕራብ መካከለኛው አፍሪካ የተወሰዱ ናቸው፤ «ጥቁር» የሚለው ቃል ቍጥራቸውን ወደ ጎንደር ወይም ወደ ሐረር ሊያሻግረው አይችልም። ደግሞም በአገራችን የሳንባ ነቀርሳ ብዙ ነው፤ እርሱም ንፍፊትን ያሳብጣል፣ እርሱም ወጣቶችን ይይዛል። ስለዚህ ዕድሜ ሁለቱን ለመለየት ደካማ ዳኛ ነው። ከንፍፊቱ ቍራጭ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የነቀርሳው ግራኑሎማ ብዙ ጊዜ መካከሉ እንደ አይብ የፈረሰ ነው፤ የሳርኮይዶሲሱ እንዲህ አይሆንም፤ የነቀርሳው ተሕዋስም መፈለግ አለበት። ነቀርሳ ላለበት ሰው በስሕተት ኮርቲዞን ብቻ ቢሰጠው በሽታው ይብስበታል፤ ሳርኮይዶሲስ ያለባት የ55 ዓመት ሴት ደግሞ «ዕድሜዋ አይደለም» ተብላ የነቀርሳ መድኃኒት ለወራት በከንቱ ትውጣለች።