ከአምስት ዓመት በኋላስ? ስለ ልማት ኢኮኖሚክስ ጉባኤዎች አንድ ቅሬታ

የልማት ኢኮኖሚክስ ጉባኤ ላይ ገብታችሁ ከኋላ ወንበር ብትቀመጡ የምታዩት ነገር ይህን ይመስላል። አቅራቢዋ ላፕቶፗን ትሰካለች፣ ሰብሳቢው ሰዓቱን ያያል። ያላት ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። መጀመሪያ ጥያቄው ይመጣል፣ ቀጥሎ ካርታ፣ ከዚያ ሰንጠረዥ፣ ሰንጠረዥ፣ አሁንም ሰንጠረዥ። ከቁጥሮቹ አጠገብ ትንንሽ ኮከቦች አሉ። ኮከብ ማለት «ለውጥ ባይኖር ኖሮ እንዲህ ያለ ቁጥር በአጋጣሚ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው» ማለት ነው። ሦስት ኮከብ ሲታይ ክፍሉ ነቃ ይላል። ሆቴል አይደለም፣ ግን ስሜቱ ያው ነው።

በዘርፉ ከሚታወቁት ጉባኤዎች አንዱ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ ኢኮኖሚዎች ጥናት ማዕከል በየዓመቱ በማርች ወር የሚያዘጋጀው ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥናቶች ይቀርባሉ፣ በአንድ ሰዓት ጎን ለጎን በብዙ ክፍሎች። እውነቱን ለመናገር እንዲህ ያለው ጉባኤ ትልቅ ዋጋ አለው። የኢኮኖሚክስ ሰዎች ለጨዋነት ብለው ዝም አይሉም፤ አቅራቢው ሦስተኛው ስላይድ ላይ ሳይደርስ «ይህን ቁጥር ከየት አመጣኸው?» የሚል እጅ ይወጣል። ደካማ ጥናት እዚያ ይጋለጣል። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው፦ ጉባኤው የሚያጨበጭበው ለመጀመሪያው ውጤት ነው። ተመልሶ ሄዶ «ያ ነገር የት ደረሰ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ያን ያህል አይጨበጨብለትም።

ለምን እንደዚህ እንደምል በአገራችን በተደረገ ጥናት ላሳያችሁ። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን ከአምስት የኢትዮጵያ ድርጅቶች ጋር ተነጋገሩ። መጠጥ የሚያሽግ፣ ጫማ የሚሠራ፣ ጨርቃ ጨርቅና ልብስ የሚያመርት፣ አበባና አትክልት የሚያለሙ። ሥራ ፈልገው ካመለከቱት ወጣቶች መካከል በዕጣ ሦስት ቡድን ተደረገ። አንዱ ቡድን የፋብሪካውን ሥራ አገኘ። ሌላው 300 ዶላር የሚያህል ገንዘብና አጭር የንግድ ሥልጠና ተሰጠው። ሦስተኛው ምንም አልተሰጠውም፤ ማነጻጸሪያ ነው። ዕጣ የተባለው ነገር እዚህ ላይ ሎተሪ ለመጫወት አይደለም። ዕጣ ባይሆን ኖሮ ጎበዞቹና ዘመድ ያላቸው አንድ ወገን ተሰብስበው፣ ልዩነቱ ከገንዘቡ ይምጣ ከሰዎቹ መለየት አይቻልም ነበር።

ከአንድ ዓመት በኋላ ሲታይ ውጤቱ አስገራሚ ሆነ። ፋብሪካ የገቡት ገቢያቸው ብዙም አልተለወጠም፤ አብዛኞቹም ሥራውን ፈጥነው ለቀቁት። በፋብሪካ በቆዩ ቁጥር ደግሞ ከባድ የጤና እክል የመግጠሙ ነገር ጨመረ። ገንዘብ የተሰጣቸው ግን የራሳቸውን ሥራ ጀምረው ገቢያቸው ከማነጻጸሪያው ቡድን በ33 በመቶ በለጠ። እስቲ ይህን ለሃያ ደቂቃ ንግግር አስቡት። ከዚህ የተሻለ ጉባኤ የሚያሞቅ ነገር የለም! የተለመደውን እምነት ይገለብጣል፣ ኮከብ አለው፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጠቃልሎ ለሻይ ዕረፍት ወሬ ይሆናል፦ «ፋብሪካውን ተዉት፣ ገንዘቡን ስጧቸው።»

ረቂቁ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። በዚያው ዓመት የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ መንግሥት የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ አቋቋመ። መንግሥት ያን ጥናት አንብቦ ወሰነ እያልኩ አይደለም። ግን ልብ በሉ፦ አገሪቱ በሁለቱም መንገድ፣ በፋብሪካውም በገንዘቡም፣ ብዙ ሀብት ልታፈስ በተነሳችበት ሰዓት ነው ያ አንድ ዓረፍተ ነገር በእጃችን የነበረው። ምናልባት እናንተ ወይም ታላቅ እህታችሁ ከሁለቱ በአንዱ አልፋችሁ ይሆናል።

ታዲያ ምን ሆነ? ተመራማሪዎቹ ሳይመን ፍራንክሊንን ጨምረው ከአምስት ዓመት በኋላ እነዚያኑ ወጣቶች ፈልገው አገኟቸው። ልዩነቱ ጠፍቷል። ገንዘብ የተሰጣቸው አብዛኞቹ የጀመሩትን ንግድ ትተዋል፣ ትርፍ ሆኖ የታየው ገቢም አብሮ ሄዷል። በፋብሪካው የመጣው የጤና ጉዳትም እንዲሁ ጊዜያዊ ሆኖ ተገኘ። ሦስቱ ቡድኖች በሥራም፣ በገቢም፣ በጤናም ሊገጣጠሙ ምንም አልቀራቸውም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። «ልዩነቱ ጠፋ» ማለት «ሁሉም ወደ ድህነት ተመለሱ» ማለት አይደለም። ሁለት ሯጮች ጎን ለጎን ከደረሱ፣ ፊተኛው ደክሞ ሊሆን ይችላል፤ ኋለኛው ፈጥኖ ሊሆንም ይችላል። ምንም ያልተሰጣቸውም ቢሆኑ አምስት ዓመት ሙሉ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ ያገኙትን እየሠሩ፣ የተሻለ እየፈለጉ ነበር። ደግሞም ለተወሰነ ጊዜ የተሻለ ገቢ ማግኘት ራሱ ለአንድ ቤት ትንሽ ነገር አይደለም፤ ኪራይ ነው፣ የታናሽ ወንድም ደብተር ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ጥናት የመጀመሪያውን ሐሰት ነው አላለም። ያለው ይህን ነው፦ አንድ ጊዜ ብቻ የተሰጠ፣ በአንድ በኩል ብቻ የሚደግፍ እርዳታ፣ ሰውን ከሥራ ያራቀውን እንቅፋት ለማንሳት ላይበቃ ይችላል። ይህ ደግሞ ለሻይ ዕረፍት የማይመች፣ ረዘም ያለ፣ የማያስጨበጭብ ዓረፍተ ነገር ነው።

የማከብራቸውም ለዚሁ ነው። በራሳቸው ዝነኛ ውጤት ላይ ውኃ የሚያፈስስ ጥናት ራሳቸው ሠርተው አሳተሙ። ግን ይህ የእነሱ ጠባይ እንጂ የጉባኤው ሥርዓት ያመጣው አይደለም። አንድ ወጣት ተመራማሪ ቋሚ የመምህርነት ቦታ እየፈለገ፣ አምስት ዓመት ጠብቆ «ምንም ልዩነት የለም» የሚል ሰንጠረዥ ይዞ ቢመጣ፣ ማን ቦታ ይሰጠዋል? መራጩ ኮሚቴ በመቶ የሚቆጠር ማመልከቻ ፊቱ ተከምሮ ዓይኑ የሚያርፈው አዲስ ነገር ላይ ነው።

ተመልሶ መሄድ ምን እንደሚያስገኝ ደግሞ ሌላ ምስክር አለ፤ እሱም ከእኛው አገር። እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ በጥቂት የገጠር መንደሮች የቤተሰብ ጥናት ተጀመረ። በ1994 መንደሮቹ 15፣ ቤተሰቦቹም 1,500 የሚጠጉ ሆኑ፤ ከትግራይ ገብለን፣ ከጎጃም የትመን፣ ከደቡብ ዶማ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ኦክስፎርድና ኢፍፕሪ የተባለው የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም በተለያየ ጊዜ ተሳትፈውበታል። መረጃ ሰብሳቢዎቹ እየተመላለሱ ያንኑ ቤት አንኳኩ፦ ስንት በሬ አላችሁ? ዘንድሮ ስንት ኩንታል ገባ? ባለፈው ሳምንት ምን በላችሁ?

አሰልቺ ጥያቄ ነው አይደል? ዴርኮን እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተመው ጥናት ግን ከዚሁ መረጃ አንድ ከባድ ነገር አወጣ። የ77ቱ ድርቅ (እ.ኤ.አ. 1984–85) ክፉኛ የመታቸው ቤተሰቦች በ1990ዎቹም የኑሮ እድገታቸው ወደኋላ ቀርቶ ነበር። ዝናቡ ከተመለሰ ዓመታት አልፈዋል፣ ዜናው ተረስቷል፣ ቤቱ ግን አልረሳም። አንድ ጊዜ ብቻ ሄዶ ጠይቆ የተመለሰ ሰው ይህን ከየት ያገኘዋል?

ስለዚህ የጉባኤ ፕሮግራም ሳይ የምፈልገው ነገር ተለውጧል። አብዛኞቹ ጉባኤዎች ፕሮግራማቸውን ለሁሉም ክፍት አድርገው ያወጣሉ፤ እናንተም ልታዩት ትችላላችሁ። «ተጽዕኖ» የሚለው ቃል ያለበትን ርዕስ ቁጠሩ። ከዚያ «ከአሥር ዓመት በኋላ» ወይም «ድጋሚ ጉብኝት» የሚለውን ፈልጉ። በመጨረሻው ስላይድ ላይ ደግሞ፣ በትንንሽ ፊደል፣ በሦስት ሰከንድ የሚያልፈውን ምስጋና እዩ። ቤቱን ያንኳኩት መረጃ ሰብሳቢዎች ያሉት እዚያ ነው። ስንት ሰው አድራሻ እንደቀየረ፣ ማን ሱቁን ዘግቶ ወደ አረብ አገር እንደሄደ፣ ማን ከልቡ እንደመለሰና ማን ለመገላገል ብቻ እንደመለሰ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ከተሰጠው ሃያ ደቂቃ አምስቱ ለአንዳቸው ቢሰጥ፣ ከአንድ ሰንጠረዥ የበለጠ እንማር ነበር ባይ ነኝ።

ይህ ሥራ ለቀረበ ሰው ይቀላል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በሚደረጉ ጉባኤዎች፣ ስማቸው ፕሮግራሙ ላይ እያለ ቪዛ ሳይደርስላቸው የሚቀሩ የአፍሪካ ተመራማሪዎች ነገር የታወቀ ነው። እነዚሁ ሰዎች ናቸው ግን ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፍረው የጥናቱን መንደር ደግመው ሊያዩ የሚችሉት። የኢትዮጵያ ኢኮኖሚክስ ማኅበር አዲስ አበባ ላይ በሚያደርገው ዓመታዊ ጉባኤ አንድ ሙሉ ቀን ለድጋሚ ጉብኝት ብቻ ቢመድብ፣ እኔ ከኋላ ወንበር ሳይሆን ከፊት እቀመጣለሁ። የ15ቱ መንደሮች ትልቁ ጥናት የመጨረሻ ዙሩ እ.ኤ.አ. በ2009 ነበር። መንደሮቹ 15 በሆኑበት ዓመት የትመን ላይ የተወለደ ልጅ ዛሬ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፣ ምናልባት የራሱ ልጆች አሉት። እሱን ደግሞ ማን ሄዶ ጠየቀው?