ቁጥሩ የድንጋዩ ብቻ አይደለም

ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም ወጣ ስትሉ ቀዩን አፈር አይታችሁት ይሆናል። ገበሬው ማዳበሪያ ይጨምራል፤ አፈሩ ግን ፎስፈረሱን ይይዝበትና ሰብሉ ይራባል። አፈሩ አሲዳማ ነው፤ ውስጡ ያሉት የብረትና የአሉሚኒየም ኦክሳይዶች ፎስፌቱን ገጻቸው ላይ አጣብቀው ያስቀሩታል። ኖራ ሲጨመር አሲድነቱ ይቀንሳል፣ ማጣበቁም ይላላል። አፈሩ ያው ነው፤ የተቀየረው ኬሚስትሪው ነው።

ይህን ያዙልኝና ወደ ኒውክሌር ቆሻሻ እንሂድ። ፊንላንድ ያገለገለ ነዳጅ ለመቅበር ኦልኪሉኦቶ ላይ ከ400 ሜትር በላይ ወደ ታች አለት ፈልፍላለች። መያዣው ከብዙ ሺህ ዓመት በኋላ ቢያፈስ ድንጋዩ ራዲዮአክቲቭ አተሞቹን ይይዛቸዋል ወይ? መሐንዲሶች «ኬዲ» በሚባል ቁጥር ይመልሳሉ፦ አንድ ኪሎ ድንጋይ ላይ የተጣበቀው፣ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ለቀረው ሲካፈል። ቁጥሩ ሲተልቅ አተሙ ይዘገያል።

እኔም ምህንድስና ስለተማርኩ አንድ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ ስሌቱ ውስጥ መክተት ብቻ ነው። ችግሬ ከሠንጠረዡ ጋር ነው። «ግራናይት፣ ሲዚየም፣ ይሄን ያህል» ሲል ቁጥሩን የድንጋይ ጠባይ ያስመስለዋል። በየትኛው ውሃ? ኦክስጅን አለው? ቴክኒሺየም 99 ኦክስጅን ባለበት ውሃ ድንጋዩን እምብዛም ሳይነካ ያልፋል፤ ኦክስጅን በሌለበት ግን መልኩን ቀይሮ ይዘቅጣል።

ደግሞ የሚለካው ብዙ ጊዜ ድንጋይ ተፈጭቶ ጠርሙስ ውስጥ ሲናወጥ ነው። ቡና የምንወቅጠው እኮ ውሃው ብዙ ገጽ እንዲያገኝ ነው! የተፈጨ ድንጋይም ካልተፈጨው አለት አብልጦ ይይዛል፤ ከመሬት በታች ግን ውሃው የሚያልፈው በስንጥቅ ነው።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ የኔቫዳው ነው። ፕሉቶኒየም ድንጋይ ላይ አጥብቆ ስለሚጣበቅ ሩቅ አይሄድም ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 ከተደረገ የከርሰ ምድር ሙከራ የወጣው ግን ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ 1.3 ኪሎ ሜትር ርቆ ተገኘ፤ ውጤቱ በ1999 ኔቸር ላይ ወጥቷል። በውሃው ላይ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ቅንጣቶች ላይ ተሳፍሮ ነው የሄደው። ኬዲ የሚያውቀው ድንጋይና ውሃ ብቻ ነው፤ ተሳፋሪ አይቆጥርም።

ታዲያ ኬዲ ይጣል? አይ። የገጽ ኬሚስትሪን አንድ በአንድ የሚያሰሉ ሞዴሎች ይሻላሉ፣ ግን ብዙ ልኬት ይጠይቃሉ። ዝቅተኛውን ቁጥር ወስዶ በጥንቃቄ ማስላት ይቻላል፤ ውሃው እስከታወቀ ድረስ። የኦልኪሉኦቶ ጥልቅ ውሃ ለምሳሌ ጨዋማ ነው፣ ሶዲየሙም ሲዚየምን የመጣበቂያ ቦታ ይሻማዋል። በንጹሕ ውሃ የተለካ ኬዲ እዚያ ሲገባ ድንጋዩ ከሚችለው በላይ እንዲይዝ ይጠበቅበታል።